የጎረቤቴ የቀን ገቢ

ዳንግላ ላይ ኢኮኖሚክስ ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት ግብር የሚባለውን ነገር በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ደመወዝተኛ ግብሩን አያየውም። እጁ ሳይገባ ተቆርጦ ይቀራል፤ እሱም የተረፈውን ቆጥሮ «ደመወዜ» ይለዋል። እኔ ግን ቀጥተኛ ግብርና ቀጥተኛ ያልሆነ ግብር እያልኩ ሰሌዳ ሞልቼ እጽፍ ነበር፤ እግሩን ውኃ ሳይነካው ዋና እንደሚያስተምር ሰው። ተማሪዎቼም ጽፈው፣ ሸምድደው፣ ፈተናውን ያልፋሉ። የሰመጠ አልነበረም፤ ወንዙ ሩቅ ነበርና።

ሠላሳ ስምንት ዓመት ሲሞላኝ ማስተማሩን ትቼ እንጅባራ ላይ የራሴን ሱቅ ልከፍት ቆረጥኩ። ሰው ሁሉ ባሕር ዳር ሂድ አለኝ። ሰው ሁሉ የሚለውን ያለማድረግ አመል ከልጅነቴ ጀምሮ አለብኝ፤ እስካሁንም መልካም አመል ይመስለኛል፣ አሁን ከምተርከው ነገር በቀር። ምክንያትም ነበረኝ። እንጅባራ የዞን ከተማ ናት፤ ቢሮ ይበዛባታል። ቢሮ ባለበት ማመልከቻ አለ፤ ማመልከቻ ባለበት ጸሐፊና ፎቶ ኮፒ አይጠፋም።

ከመሄዴ በፊት አንድ ሙሉ ደብተር የሂሳብ አደረግሁ። በግራ በኩል የማገኘውን፣ በቀኝ በኩል የማወጣውን። የቤት ኪራይ፣ የሱቅ ኪራይ፣ ጤፍ፣ ድንች፣ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ከሰል፣ መብራት፣ የልጆች ትምህርት፣ ለራሴ ደግሞ በወር አንድ መጽሐፍ። እንጅባራ ድረስ ሁለት ጊዜ ተመላልሼ የእያንዳንዱን ዋጋ ጠየቅሁ። ድንች የምትሸጠዋ ሴት «ጠይቀህ ጠይቀህ የማትገዛው ምነው? ድንች አይተህ አታውቅም?» ብላ ሰው አሳቀችብኝ። «ግብር» ከሚለው ቃል ፊት ለፊት ግን የጥያቄ ምልክት አድርጌ አለፍኩ። ኢኮኖሚክስ አስተማሪው የማያውቀው እሱን ብቻ ነበር።

ሱቁን ያገኘልኝ ልብስ ሰፊ ነው። ስልሳን የተጠጋ፣ ቀጭን፣ ሜትሩን ከአንገቱ የማያወርድ፣ ከጥሊሊ ወዲያ ካለ ገጠር መጥቶ ሃያ ዓመት እንጅባራ ላይ የሰፋ ሰው ነበር። ገጠሬ ሲመጣ በአገውኛ ይለካል፣ የቢሮ ሠራተኛ ሲመጣ በአማርኛ። ዋጋ ሲከራከር ግን ሁልጊዜ በአገውኛ ነው፤ አማርኛ ለክርክር ቀዝቃዛ ነው ይል ነበር። እንደ አገሩ ልማድ «አያ» እለው ነበር። ጎኑ ያለው ክፍል ባዶ ሆኖ ሲያይ አከራዩን ለምኖ፣ የሁለት ወሩን ቅድሚያ ክፍያ ወደ አንድ ወር አስቀንሶ አስገባኝ። ለምን እንዲያ እንዳደረገልኝ ጠይቄው አላውቅም። ምናልባት ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ጎረቤት መሆኑ አይጎዳም ብሎ ይሆናል። ምናልባትም ደግ ስለነበረ ብቻ ነው፤ ብዙ ያነበበ ሰው ይህን ምክንያት የሚያስበው መጨረሻ ላይ ነው።

የሁለታችንን ክፍል የለየው በጭቃ የተመረገ የቀርከሃ ግድግዳ ነበር። ከወገብ በላይ ጭቃው ተፍቆ ቡጢ የምታሳልፍ ቀዳዳ ነበረች። በእሷ ክብሪት እንቀባበላለን፣ ሳንቲም እንዘረዝራለን፣ እሱ ደግሞ የማላውቀውን ሰው ሁሉ ታሪክ በእሷ ያደርሰኛል።

በመጀመሪያው ሳምንት ደብተሬን አሳየሁት። ማንበብ ስለሚያስቸግረው እኔ አነበብኩለት፤ እሱ መርፌ በጥርሱ ይዞ ሰማኝ። ስጨርስ መርፌውን አወጣ።

«ብርዱን ረስተኸዋል» አለኝ።

«ከሰል አስገብቻለሁ፣ አያ።»

«ያ የዳንግላ ከሰል ነው። የእንጅባራ እጥፍ ነው። አዲስ ቅዳም ገበያ ሄደህ በጆንያ ግዛ፤ እዚህ በሳህን ስትገዛ ነጋዴ ታሞቃለህ እንጂ ቤትህን አታሞቅም። እድርስ?»

«እድር…»

«ለቅሶስ? ተዝካርስ? ጎረቤትህ ሲድር ባዶ እጅህን ልትሄድ ነው?» ሳቀ። «እንዲህ ያለ ሂሳብ የሚሠራው ዘመድ የሌለው ሰው ነው።»

ደብተሩን አስተካከልኩት። የኑሮዬ ወጪ በአንድ ከሰዓት በሲሶ ያህል ጨመረ። ወሩ ሲያልቅ ግን የእሱ ግምት ትክክል ሆኖ ተገኘ፤ እኔ ሁለት ጊዜ ተመላልሼ ያጠናሁት ሳይሆን እሱ መርፌ በጥርሱ ይዞ የገመተው። ያኔውኑ ትምህርት ልወስድ ይገባኝ ነበር።

ሱቁ ቀና። አንድ ፎቶ ኮፒ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ የደንበኛ አግዳሚ። በየቀኑ የሸጥኩትን በደብተር እመዘግባለሁ፤ ሃያ አምስት ሳንቲም እንኳ አታልፈኝም። ጎረቤቴም እንደዚሁ ዓይኔ ሥር ነበር። የቆጣሪ አመል አለብኝ፤ አውቶቡስ ውስጥ ተሳፋሪ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጧፍ እቆጥራለሁ። እሱ በቀን ስንት ሱሪ ሰፍቶ ግድግዳው ላይ እንደሚሰቅል ሳልፈልግ አውቅ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ክረምት ገማች ኮሚቴ ሊመጣ ነው ተባለ። ደረሰኝ የማይቆርጥ ትንሽ ነጋዴ የቀን ሽያጩ ይገመታል፣ በዓመቱ ቀን ይባዛል፣ ግብሩም ከዚያ ይወጣል። ወሬው እንደተሰማ የእኛ መስመር ሱቆች ባንድ ሳምንት ውስጥ ደኸዩ። ባለ ሸቀጡ መደርደሪያውን አራቁቶ ሦስት ሳሙናና አንድ የላምባ ጠርሙስ አስቀረ። ጫማ ሻጩ የግራ እግር ጫማዎችን ብቻ ደረደረ። የሻይ ቤቷ ባለቤት አዲሶቹን ብርጭቆዎች አንስታ ጥርሳቸው የወለቀውን አወጣች። ደህና ልብስ የለበሰ ነጋዴ አይታይም፤ እንጅባራን ያን ሳምንት ያየ እንግዳ እርዳታ ይጠራላት ነበር።

አንድ ማለዳ ልብስ ሰፊው ሁለት ጣቃ የካኪ ጨርቅ በትከሻው ተሸክሞ ገባ። ለተማሪዎች የደንብ ልብስ ብሎ ከመስከረም አስቀድሞ በብድር የገዛው ነው።

«ገማቾቹ እስኪያልፉ ጠረጴዛህ ሥር ይደር» አለኝ።

«አያ፣ ይሄ መደበቅ አይደለም እንዴ?»

«ነው እንጂ። ምን መሰለህ?» ጨርቁን በእግሩ ገፍቶ አስገባው። «አንተስ ስንት ልትል ነው?»

«እውነቱን።»

«እውነቱ ስንት ነው?»

«ሁለት መቶ ሰማንያ።»

አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ሕመምተኛ እንደሚጠይቅ ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረ። «ስማኝ መምህር። አንተ ሰማንያ ትላለህ። እነሱ አይ፣ አምስት መቶ ነው ይላሉ። አንተ ልጆቼን ትላለህ፣ ኪራዬን ትላለህ። እነሱም ይራራሉ፣ ሁለት መቶ ይጽፋሉ። እነሱም ያውቃሉ፣ አንተም ታውቃለህ። ሱሪ ስሰፋ ስፌቱ የሚበላውን አስቀርቼ የምቆርጥ ይመስልሃል? ጨምሬ ነው የምቆርጠው።»

«ሁሉም ሰው ስለሚዋሽ እኔም ልዋሽ?»

«ማን ዋሽ አለህ? እንደ ሰው ተናገር ነው ያልኩህ።»

ይህን ንግግር ለዓመታት አላመጥኩት። ያኔ ግን ያገሬ ሰው ብልሹነት ማስረጃ አድርጌ ነው የሰማሁት፤ በልቤ አንድ ድርሰት ጀምሬለት ነበር። ዛሬም ቢሆን ግብር መደበቅን አላመሰግንም። መንገዱም፣ ትምህርት ቤቱም፣ እኔን ለአሥራ አራት ዓመት የቀለበኝም ደመወዝ ከሰማይ አልወረደም። ነገር ግን እሱ እያስረዳኝ የነበረው ስለ ውሸት አልነበረም። ገማቹ የሚጨምርበትን እያወቀ ተገማቹ የሚቀንስበት፣ ሁለቱም መሐል ላይ የሚገናኙበት አንድ አሮጌ መንገድ ነበር። እኔ መንገዱን ሳላውቅ መሐሉ ላይ ቆምኩ።

ኮሚቴው የመጣው ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ሦስት ነበሩ፤ ከገቢዎች ጽሕፈት ቤት አንዲት ወጣት ሴት፣ ጥላ የያዘ የቀበሌ ሰው፣ የነጋዴ ተወካይ የሆነ ወፍጮ ቤት ያለው ሰውዬ። ገብተው ሳይቀመጡ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወረደ። የእንጅባራ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ሰው ከንፈር እያየ ነው የሚነጋገረው።

«የቀን ሽያጭ?» አለች ልጅቱ ጮክ ብላ።

ደብተሬን ዘረጋሁላት። የዓመቱን እያንዳንዷን ቀን። ገለጠች፣ ደግማ ገለጠች፣ ለወፍጮ ቤቱ ሰውዬ አሳየችው።

«ይሄ የእውነት ነው?» አለ እሱ።

«ሁለት መቶ ሰማንያ ነው አማካዩ» አልኩ።

የቀበሌው ሰው ሳቀ። «እኔ በዚህ ሥራ ስንት ዓመቴ! ሰው ከሰጠው ቁጥር ጨምሬ እንጂ የሰጠውን እንዳለ ጽፌ አላውቅም።» ልጅቱ ቁጥሩን እንዳለ ጻፈች። አልጨመረችም፣ አላባዛችም። ያኔ የኮራሁትን ያህል በሠርጌ ቀን አልኮራሁም።

ከዚያ ዓይኗ ከጠረጴዛው ሥር ወደቀ። «ይሄ ጨርቅስ የማነው?»

የእኔ ነው ማለት እችል ነበር። ለልጆቼ ልብስ፣ ለመጋረጃ፣ ለምንም። ሰው ግን አንድ ጊዜ ለእውነቱ ከተመሰገነ በኋላ ትንሿን ውሸት ለመናገር እንኳ ይሰስታል።

«የጎረቤቴ ነው።»

ሦስቱም ተያዩ። የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ቀስ ብሎ «እንግዲህ ይሄ…» ብሎ ተወው፤ ነጋዴ ነውና ገብቶታል። ልጅቱ ግን እውነተኛ ምንጭ አግኝታለች።

«መምህር፣ እርስዎ ሐሰት አያውቁም። ጎረቤትዎ በቀን ስንት ሱሪ ይሰፋሉ?»

«ስድስት» አልኩ።

ከዚያ በኋላ የሚከተል አንድ ቃል ነበር። በገበያ ቀን። በገበያ ቀን ስድስት፣ በሌላ ቀን ሁለት፣ በክረምት አንዳንዴ ምንም። እሑድ አይሰፋም። በሚካኤል፣ በገብርኤል፣ በማርያም፣ በጊዮርጊስ፣ በመድኃኔዓለም፣ በበዓለ ወልድ አይሰፋም። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ ማንም እንደ እኔ አያውቀውም። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን የቀበሌው ሰው ትከሻዬን መታ አድርጎ «ይባረኩ፤ እንደርስዎ ዓይነት አሥር ሰው ቢኖረን ይቺ ከተማ የት በደረሰች» አለኝ። እኔም ፈገግ አልኩ። ፈገግታዬ እስኪያልቅ እነሱ ወጥተዋል።

ብዙ ቅጥፈት የነገሩኝ ሰዎች አሉ። አንዳቸውም እኔ በዚያች ፈገግታ የጎዳሁትን ያህል አልጎዱኝም።

ወደ እሱ ሲገቡ ዝናቡ አባራ። የእኔን ንግግር የሸፈነልኝ ዝናብ የእሱን ለእኔ ገለጠልኝ፤ በቀዳዳዋ ሁሉንም ሰማሁ። ልብስ ሰፊው ያን ቀን መኪናውን ዝም አሰኝቶ፣ ባለቤቶቻቸው ረስተዋቸው የቀሩ ሁለት አሮጌ ኮቶች ሰቅሎ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል።

«አባት፣ የቀን ሽያጭዎ ስንት ነው?»

«ኧረ ልጄ፣ የምን ሽያጭ? ሰው እንደሆነ ልባሽ ጨርቅ ለመደ። ሲገኝ ስልሳ ይሆናል።»

እንግዲህ አሁን ነው እነሱ አምስት መቶ የሚሉት፣ እሱ ልጆቼን የሚለው። ጆሮዬን ጥዬ ጠበቅሁ። ልጅቱ ግን አልተከራከረችም። «ስልሳ» አለች፤ «እሺ።» ሌላ ምንም አላለችም። የወጡበት ፍጥነት ልብስ ሰፊውን ደስ አሰኘው። በቀዳዳዋ አፉን አስጠግቶ፣ «መምህር! ዘንድሮ ሰው ልከውልናል። ልጅቱ ስልሳ ብላት እሺ አለች!» አለኝ።

«ጥሩ ነው፣ አያ» አልኩት።

ከሰዓት በኋላ ጨርቁን ሊወስድ መጣ። ያኔ ልነግረው እችል ነበር። ጣቃውን ትከሻው ላይ አሸከምኩት፣ በሩን ከፈትኩለት። አልነገርኩትም።

ዝርዝሩ ቀበሌ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ቀን አብረን ሄድን። ሰው ተጋፍቷል፤ አንዳንዱ ይሳደባል፣ አንዳንዱ የሌላውን አይቶ ይጽናናል። የእኔ ሁለት መቶ ሰማንያ ነበር፤ የጻፍኩት፣ ያልኩት፣ እውነቱ። የምከፍለው ግብር ኪሴን አልጎዳም። እውነት ያስከፍላል ይላሉ። እኔን ምንም አላስከፈለኝም፤ እስካሁን ደረቴ ላይ የቀረው እሱ ነው። ሦስት እጥፍ ቢጭኑብኝ ኖሮ ቢያንስ አብሬው በተጎዳሁ።

«የእኔን አንብብልኝ» አለኝ።

«አራት መቶ ሃያ።»

«የኔን ነው ያልኩህ።»

«የእርስዎ ነው፣ አያ። አራት መቶ ሃያ።»

በከንፈሩ የሆነ ነገር በአገውኛ ቆጠረ። አንድ ሱሪ ሰባ ብር ነው የሚሰፋው። ሂሳቡን ከእኔ ፈጥኖ ደረሰበት። «ስድስት ሱሪ» አለ። «በየቀኑ ስድስት ሱሪ። ክሩስ? ዚፑስ? የኪሱ ጨርቅስ? በዓሉስ?» ወደ ሰሌዳው ዞሮ፣ «እነዚህ ሰዎች ታቦት አያውቁም?» አለ። ቆሞ የሚሰማው ሰው ሳቀ። እሱም ሳቀ።

ቅሬታ ማቅረብ ይቻል ነበር። ማመልከቻውን ማን ይጽፋል? እኔ። እንዲያ ያለ ማመልከቻ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ አልጻፍኩም። የዓመቱን በዓላት ዘረዘርኩ፣ የገበያ ቀኑን ከሌላው ለየሁ፣ ክርና ዚፑን ቀነስኩ፣ በዝናብ ወራት ገጠሬ ከተማ እንደማይወጣ አስረዳሁ። ያን ቀን አፌ ላይ የቀረውን ሁሉ በአምስት ኮፒ አተምኩት። አንድ ነገር ብቻ አልገባበትም፤ ስድስት ያለው ማን እንደሆነ።

«ስንት ነው?» አለኝ ስጨርስ።

«ምንም፣ አያ። እንዴት ከእርስዎ…»

«ሥራ ነው። አንተም ግብር አለብህ።» አሥራ ሁለት ብር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። ተቀበልኩት። ማታ ሱቅ ከመዝጋቴ በፊት ደብተሬ ላይ አሰፈርኩት፤ ማመልከቻ፣ አሥራ ሁለት ብር። ደብተሩ አሁንም አለኝ። እውነተኛ ደብተር ነው።

ቅሬታ ሰሚው ፊት አብሬው ቀረብኩ። ሦስት ወንዶች ጠረጴዛ ይዘዋል፤ ያቺ ልጅ ጥግ ላይ ከመዝገቧ ጋር ተቀምጣለች። ሰብሳቢው ማመልከቻውን አንብቦ «በደንብ ተጽፏል» አለና ወደ እሷ ዞረ። «ምን ይዘሽ ነው አራት መቶ ሃያ ያልሽው?»

«በቀን ስድስት ሱሪ ይሰፋሉ የሚል መረጃ አለን። ጨርቅም አሽሽተው ተገኝቷል።»

«ማነው እንዲያ ያለ?» አለ ልብስ ሰፊው።

ልጅቱ በደንብ ያደገች ናት፤ አልጠቆመችም። መዝገቧን ተመለከተች። ዝም ማለቷ ግን በቂ ነበር፤ ጨርቁ የት እንደነበር እሱ ያውቃል።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «በገበያ ቀን ለማለት ነው። በሌላው ቀን…»

«ያን ዕለት እንዲያ አላሉም» አለች ልጅቱ፤ በእውነት አዝና።

«አሁን እያልኩ ነው።»

ሰብሳቢው ማመልከቻውን አነሳ። «ይሄን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ።»

«እንግዲያማ አሁን የሚሉት የጎረቤት ነው። ያን ቀን ያሉት ነበር የምስክር።»

ክርክሩ እንከን አልነበረውም። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እንዲያ እል ነበር። ወደ ሦስት መቶ ሃምሳ ዝቅ አደረጉለትና የሚቀጥለውን ባለጉዳይ ጠሩ።

ወደ ሱቃችን ስንመለስ ያካፋ ነበር። አንድ ጥላ ነው የያዝነው፤ የእሱ። ባያስጠልለኝ ይቀልለኝ ነበር፤ እሱ ግን እጁን ዘርግቶ ይበልጡን ወደ እኔ አዘነበለው። መንገዱ መሐል ላይ ከጋሪ ስንሸሽ ቆመ።

«ፋሲካ ሰሞን ስምንትም ሰፍቻለሁ» አለኝ። «ስድስት ብለህ ምረኸኛል።»

«አያ፣ እኔ…»

«ተወው። ሐሰት አልተናገርክ።»

ሰድቦኝ ቢሆን ኖሮ መልስ አላጣም ነበር። ለስድብ መልስ ማዘጋጀት የኖርኩበት ሙያ ነው። ይህችን ግን ይዤያት ሱቄ ገባሁ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እንጅባራ ላይ በክረምት ንጋት የሚጠራው ጭጋጉ ሲነሳ ነው፤ ያኔ ደግሞ ገበያተኛው ሄዷል። ሚስቴ ነገሩን ስነግራት እጇን ከሊጡ ሳታወጣ፣ «ለራስህ የተናገርከውን እውነት ራስህ ትከፍላለህ፤ የሰውን ምን አገባህ?» አለችኝ። ብዙ መጽሐፍ ገልብጫለሁ፤ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

ግብሩን ለመክፈል ከሁለቱ የስፌት መኪናዎች አንዱን ሸጠ። ካኪው ጨርቅ የብድር ስለነበር ለባለቤቱ ተመለሰ፤ ስለዚህ የመስከረሙ የደንብ ልብስ ሥራ ወደ ሌላ ሰፊ ሄደ። የእሱ ዓመት የሚቆመው በመስከረም ላይ ነበር። እስከ ጥር ታገለ። ጥር ላይ ንግድ ፈቃዱን መለሰ። መመለሻውን ማመልከቻም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ገንዘብ አልተቀበልኩም፤ እሱም አልሰጠኝም።

የቀረችውን መኪና የጥሊሊ ሚኒባስ ጣራ ላይ ስናወጣ ከታች ገፋሁ። ረዳቱ ከላይ እየጎተተ፣ «አባባ፣ ይቺ ብረት የሁለት ሰው ሒሳብ ነው የምትከፍለው!» አለ። «አንተም ገማች ነህ?» አለው ልብስ ሰፊው፤ ተሳፋሪው ሳቀ። ሊገባ እግሩን ካነሳ በኋላ ወደ እኔ ተመለሰ።

«ግድግዳው ላይ ያለችዋን ቀዳዳ ድፈናት» አለኝ። «እኔ ከሌለሁ ብርድ ታስገባብሃለች።»

አልደፈንኳትም። በቀጣዩ ዓመት ጎኔ የገባው ባለ ሞባይል ጥገና ነው የደፈናት፣ በካርቶን። ገማቾቹ እንደገና መጥተው ስለ እሱ ሲጠይቁኝ «አላውቅም» አልኩ። የገባውንና የወጣውን ደንበኛ ሁሉ ቆጥሬ ነበር። የቀበሌው ሰው ታዝቦኝ፣ «መምህርም እንደ ሰው ሆኑ» አለ። ሙገሳም ወቀሳም አልነበረም።

ልብስ ሰፊውን ደግሜ ያየሁት ከአራት ዓመት በኋላ ነው። በሥራ ምክንያት በጥሊሊ ሳልፍ፣ ከአንድ ሸቀጥ ቤት በረንዳ ላይ መኪናዋን ዘርግቶ አየሁት። ወርጄ ሰላም አልኩት። ተነስቶ ሳመኝ፤ ልጆቼን ጠየቀኝ፤ ከሰል በጆንያ መግዛቴን ጠየቀኝ። ሌላ የማወራው ስላጣሁ፣ ሻንጣዬ ውስጥ የረዘመኝ ሱሪ ነበርና አውጥቼ ሰጠሁት። እግሩን ለካ፣ ቆረጠ፣ ሰፋ። ስፌቱ እንደድሮው ቀጥ ያለ ነው።

«ስንት ልክፈል፣ አያ?»

ክሩን በጥርሱ በጠሰ። ቀና ብሎ አላየኝም።

«አንተው ገምት» አለ።

አንድ መቶ ብር ሰጠሁት። ብሩን ተቀብሎ ከኪሱ ሰማንያ ብር ቆጥሮ መለሰልኝ። «ለሰው ሁሉ ሃያ ነው» አለኝ፤ ሱሪውንም በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ።

ሚኒባሱ ጥሩምባ ነፋ። ስሄድ ከኋላው ሚስማር ላይ የተሰቀሉትን ልብሶች ላለመቁጠር ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ።

ሦስት ነበሩ።